ሁለት ጥያቄዎችና አንድ ውሻ፦ በሕዝብ መጓጓዣ ላይ የአጋዥ ውሻን እውነተኛነት ስለ መጠየቅ

በአንድ የአሜሪካ ከተማ አውቶቡስ ላይ አንድ ተሳፋሪ ትንሽ ውሻ ደረቱ ላይ ታቅፎ ሲወጣ፣ አሽከርካሪው ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አይበልጥም። ከኋላ ሌሎች ተሳፋሪዎች ተሰልፈዋል፤ የመነሻ ሰዓትም ደርሷል። ውሻው ለማዳ የቤት እንስሳ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ባሉ ከተሞች ደንብ መሠረት በመያዣ ውስጥ ካልተቀመጠ መሳፈር አይፈቀድለትም። አካል ጉዳት ላለበት ሰው ሥራ የሚሠራ አጋዥ ውሻ ከሆነ ግን መከልከሉ የፌዴራል ሕግን መጣስ ነው። ችግሩ ሁለቱን የሚለይ አስተማማኝ ውጫዊ ምልክት አለመኖሩ ነው። ውሻው የለበሰው ሰደርያ በማንኛውም የንግድ ድረ ገጽ ይሸመታል፤ በባለቤቱ አንገት ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያም እንዲሁ።

ብዙዎች ለዚህ ችግር የሚያቀርቡት መፍትሔ ቀላል ይመስላል፤ መንግሥት የምስክር ወረቀት ይስጥ፣ አሽከርካሪውም ይመልከት። የአሜሪካ ሕግ ግን ይህን መንገድ ሆን ብሎ ትቶታል። የመረጠው በንጽጽር እጅግ ደካማ የሆነ ማጣሪያ ነው፤ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ። ይህ ድክመት ብዙውን ጊዜ እንደ ሕግ አውጪው ቸልተኝነት ይቆጠራል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ግን ድክመቱ የሕጉ ንድፍ አካል ነው፤ ስህተት መፈጠሩ ካልቀረ ጉዳቱ በማን ላይ ይውደቅ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የምልክትና የተግባር መለያየት

ማየት የተሳናቸውን ሰዎች የሚመሩ ውሾችን በተደራጀ መንገድ ማሠልጠን የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በኦልደንበርግ ከተማ የተከፈተው ትምህርት ቤት ዓይናቸውን በጦር ሜዳ ላጡ ወታደሮች ውሾችን ማዘጋጀት ጀመረ። በስዊዘርላንድ ውሾችን ታረባና ታሠለጥን የነበረችው አሜሪካዊቷ ዶሮቲ ዩስቲስ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለዚህ ሥራ በሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት መጽሔት ላይ ጻፈች። ጽሑፉ በተነበበለት ጊዜ የናሽቪል ነዋሪ የነበረው ሞሪስ ፍራንክ ደብዳቤ ላከላት፤ ወደ ስዊዘርላንድም ተጉዞ ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1928 በዲ ከተባለችው መሪ ውሻው ጋር ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በተከታዩ ዓመት በናሽቪል የተመሠረተው ዘ ሲይንግ አይ የተባለው ድርጅት ኋላ ወደ ኒውጀርሲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በዚያ ዘመን የነበረው ክርክር ውሻ ወደ ባቡር ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነበር። ውሻው እውነተኛ መሪ ነው ወይ ብሎ የሚጠራጠር ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ለመጠራጠር የሚያበቃ ክፍተት አልነበረማ። ጠንካራ እጀታ ያለው ማሰሪያ፣ ትልቅ ውሻ፣ ማየት የተሳነው ሰው፤ ሦስቱ በአንድነት ሲታዩ ጉዳዩ ራሱን ያስረዳል።

በኋላ ግን ሥራው ሰፋ። መስማት ለተሳናቸው የበር ደወልን ወይም የእሳት ማስጠንቀቂያን የሚያመለክቱ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚስቡ፣ የወደቀ ዕቃ የሚያነሡ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በሚወድቅበት ጊዜ የሚጠብቁ፣ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ሲለዋወጥ በሽታ ለይተው የሚያስጠነቅቁ፣ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በሥነ ልቦና ጉዳት ሳቢያ ሲሸበር ጣልቃ የሚገቡ ውሾች መጡ። የእነዚህ ተጠቃሚዎች ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታይም። ውሻውም ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በማብራሪያዎቹ ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱ፣ የባለቤቱን ትንፋሽ በቅርብ እያሸተተ የስኳር መጠን ለውጥን እንዲጠቁም በደረት መያዣ የሚታቀፍ ውሻ ነው። ይህ ውሻ በአላፊ አግዳሚ ዓይን የተቀማጠለ የቤት ውሻ ነው። በመግቢያው የተጠቀሰው አሽከርካሪ ያየውም ምናልባት እርሱን ሊሆን ይችላል።

ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ጸደቀ። በሱቅ፣ በምግብ ቤት፣ በሆስፒታልና በመሳሰሉት ቦታዎች ተፈጻሚ የሆነውና እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2011 ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሕ መሥሪያ ቤት ደንብ አጋዥ እንስሳን ሲተረጉም ውሻ ብቻ መሆኑን፣ ለአንድ አካል ጉዳተኛ ጥቅም ተለይቶ ሥራ ወይም ተግባር እንዲያከናውን የሠለጠነ መሆኑን ይደነግጋል (ለአጫጭር ፈረሶች ለብቻ የተቀመጠ ድንጋጌ አለ)። አውቶቡስና ባቡር የሚተዳደሩት ግን በሌላ ደንብ፣ ማለትም በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። የዚህ ደንብ ትርጓሜ የቆየ ነው፤ መሪ ውሻን፣ ምልክት ሰጪ ውሻን «ወይም ሌላ እንስሳን» ያካትታል። በዚህ የተነሣ በአንዲት ከተማ ውስጥ አንድ እንስሳ በአውቶቡሱ እንዲሳፈር ተፈቅዶለት አውቶቡሱ የሚያወርደው ሱቅ በር ላይ ሊከለከል ይችላል። ስለ ጉዳዩ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ የሱቁን ደንብ ለአውቶቡስ ያውሉታል።

ሁለቱም ደንቦች የሚስማሙበት ነጥብ ሥልጠና ነው። እንስሳው አንድ የተለየ ነገር እንዲያደርግ መሠልጠን አለበት፤ በመኖሩ ብቻ የሚሰጠው መጽናናት አይበቃም። ድንበሩ ስስ ነው። የጭንቀት ሕመም ያለበት ሰው ውሻ ሕመሙ ሊነሣ ሲል አስቀድሞ ተረድቶ ባለቤቱን እንዲነካ፣ እንዲጫነው ወይም ከሕዝብ መካከል እንዲያወጣው ከሠለጠነ አጋዥ ውሻ ነው። አጠገቡ በመተኛቱ ብቻ ባለቤቱ የሚረጋጋ ከሆነ ግን አይደለም። ልዩነቱ በሕመሙ ክብደት ወይም በባለቤቱ ፍላጎት አይለካም፤ በውሻው ተግባር እንጂ።

አሠልጣኙ ማን መሆን እንዳለበት ሕጉ ዝም ይላል። ባለቤቱ ራሱ ሊያሠለጥነው ይችላል። ይህ ድንጋጌ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ዘ ሲይንግ አይ ለመጀመሪያ ውሻ ከተጠቃሚው የሚጠይቀው 150 ዶላር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ወጪ በጎ አድራጊዎች ይሸፍናሉ። ለሌሎች የጉዳት ዓይነቶች ግን በድርጅት የሠለጠነ ውሻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ፣ ተራ መጠበቁም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ባለቤት ያሠለጠነውን ውሻ የማይቀበል ሕግ ቢኖር ገንዘብ የሌለውን አካል ጉዳተኛ ከመንገድ ያስቀረው ነበር።

ታዲያ አሽከርካሪው ምን መጠየቅ ይችላል? ሁለት ነገር፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን ዓይነት ሥራ ወይም ተግባር እንዲያከናውንስ ሠልጥኗል? ከዚህ በላይ ማለፍ አይችልም። ስለ ጉዳቱ ዓይነት መጠየቅ፣ የምስክር ወረቀት ወይም መታወቂያ መጠየቅ፣ ውሻው ሥራውን በተግባር እንዲያሳይ ማዘዝ ሁሉ የተከለከለ ነው። አለርጂና ፍርሃትም ለመከልከል በቂ ምክንያት ሆነው አይቆጠሩም። በአንጻሩ ውሻው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ባለቤቱ ካልገታው፣ ወይም ያለቦታው ከተጸዳዳ፣ እውነተኛ አጋዥ ቢሆን እንኳ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል።

የስህተት ስሌት

ሁለቱን ጥያቄዎች ማንም አስመሳይ አጥንቶ ሊመልሳቸው እንደሚችል ግልጽ ነው። ይህን የሚያነሡ ተቺዎች ትክክል ናቸው። የሚዘነጉት ግን የጠበቀ ፍተሻ የሚያስከትለውን ነው።

ለማስረዳት ያህል ብቻ የተሰላ ምሳሌ ይወሰድ። ወደ አንድ መስመር አውቶቡሶች ከገቡ 100 ውሾች 90ዎቹ እውነተኛ አጋዦች፣ 10ሩ አስመሳዮች ናቸው እንበል። አሽከርካሪው ሰነድ እያየ፣ ሁኔታ እየገመገመ ከ10 ጊዜ 9ኙን በትክክል ይለያል ብለን እናስብ፤ ይህ በችኮላ ለሚወስን፣ ሌላ ሥራ ለያዘ ሰው እጅግ ለጋስ ግምት ነው። እንዲህ ያለው አሽከርካሪ ከአስመሳዮቹ 9ኙን ይይዛል። ከእውነተኞቹም 9ኙን ይመልሳል። ከአውቶቡስ ከወረዱት መካከል ግማሾቹ መውረድ ያልነበረባቸው ናቸው። የአስመሳዮቹ ድርሻ ከዚህ ካነሰ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ እውነተኞቹ መበደል ያጋድላል።

በሁለቱ ወገኖች ላይ የሚደርሰው ጉዳትም አንድ ዓይነት አይደለም። የቤት ውሻውን ይዞ ለመሳፈር የሞከረ ሰው ቢመለስ ነገ ውሻውን ቤት ትቶ ይመጣል። ማየት የተሳነው ሰው ግን መሪውን ቤት ትቶ ሊመጣ አይችልም። ወደ ሥራ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሳፈር ከሆነ በሳምንት 10 ጉዞ ያደርጋል፤ በምሳሌው የስህተት መጠን በአማካይ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ አስቀድሞ ስለማያውቅ ለየቀኑ ተጠባባቂ ጊዜ ይዞ መውጣት ይገደዳል። ሕጉ ሐሰተኛውን ማሳለፍ ይሻላል ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሐሰተኛው ማለፍ አንድ መቀመጫ ሥር ያለ ውሻ ሲሆን፣ የእውነተኛው መመለስ የአንድ ሰው የሥራ ቀን ነው።

የምስክር ወረቀት ይህን ስሌት አይለውጠውም ወይ? በከፊል ይለውጠዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ የአጋዥ ውሾችን ዓይነት በሦስት ከፍላ፣ መሪ ውሻን፣ አካል ደጋፊ ውሻንና የመስማት ውሻን ለየብቻ አስቀምጣለች። ብቃታቸው በተፈቀደለት ተቋም መረጋገጥ፣ ውሻው መለያ ምልክት ማድረግ፣ ተጠቃሚውም ማስረጃ መያዝ አለበት። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ በሦስቱ ክፍሎች የማይጠቃለል ሕመም ያለበት ሰው ግን ከጥበቃው ውጭ ይቀራል። ዕውቅና ያገኙት ደጋፊና የመስማት ውሾችም ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው። ማስረጃ የያዙ ተጠቃሚዎችም ቢሆኑ አሁንም በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ይመለሳሉ። ወረቀት የጥርጣሬን ክርክር ይዘጋል፤ ውሻ አላሳልፍም የሚለውን ሰው ግን አያሳምንም።

አሜሪካ ራሷ ሰነድን የተቀበለችበት አንድ ዘርፍ አለ፤ እርሱም አውሮፕላን ነው። የአየር ጉዞ የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ የተለየ ሕግ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ «ስሜትን የሚደግፉ» እንስሳትን ሁሉ ያስተናግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አንዲት መንገደኛ ፒኮክ የተባለውን ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ይዛ በኒውአርክ አውሮፕላን ለመሳፈር ስትሞክር መከልከሏ በዓለም ዙሪያ ተወርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 11 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲስ ደንብ አጋዥ እንስሳን በውሻ ወሰነ፤ ስሜትን የሚደግፍ እንስሳን ከትርጓሜው አወጣ፤ አየር መንገዶችም ስለ ውሻው ሥልጠና፣ ጠባይና ጤና የሚገልጽ የመንግሥት ቅጽ እንዲያስሞሉ ፈቀደ። 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚፈጅ በረራ ውሻው በጉዞው እንደማይጸዳዳ ወይም ንጽሕናን ሳያውክ እንደሚጸዳዳ የሚያረጋግጥ ሌላ ቅጽ አለ።

ይህ ቅጽ ግን ከሦስተኛ ወገን የተሰጠ ምስክርነት አይደለም። የሚፈርመው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ጉልበቱ ያለው እያወቁ በፌዴራል ቅጽ ላይ ሐሰት መጻፍ ወንጀል በመሆኑ ላይ ነው። ቲኬቱ ከቀናት በፊት ለሚቆረጥ በረራ ይህ ሊሠራ ይችላል። ቀጠሮ በሌለው፣ ተሳፋሪው በየፌርማታው በሚወጣበትና በሚወርድበት አውቶቡስ ላይ ግን ቅጹን ማን ይሞላዋል፣ ማንስ ያነበዋል?

በርካታ ክፍላተ ግዛት ደግሞ ከደጃፉ ፍተሻ ይልቅ ከኋላ የሚመጣ ቅጣትን መርጠዋል። በካሊፎርኒያ ውሻን በሐሰት አጋዥ ነው ብሎ ማቅረብ እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። በፍሎሪዳ ከቅጣቱ ጋር አካል ጉዳተኞችን በሚያገለግል ድርጅት የ30 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት ተደንግጓል። እነዚህ ሕጎች በተግባር ለመፈጸም አዳጋች ናቸው፤ ማስረጃ መጠየቅ በተከለከለበት ሐሰትን በማስረጃ ማጽናት ቀላል አይደለምና።

ጠባይ እንደ ማስረጃ

ከላይ የተባለው ሁሉ አስመሳይ ውሻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው በእውነተኛው አጋዥ ውሻና በባለቤቱ ላይ ነው። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልሠለጠነ ውሻ መሪውን ውሻ ቢያጠቃው፣ መሪው ከቁስሉ ቢድንም ድንጉጥ ሆኖ ከሥራ ሊገለል ይችላል። ለብዙ ወራት የተደከመበት ሥልጠና በአንድ ደቂቃ ይጠፋል፤ ባለቤቱም እንደገና ተራ ይጠብቃል። በአስመሳይ ውሻ የተነከሰ ወይም የተማረረ አሽከርካሪ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ በክፉ ዓይን ያየዋል።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ በዓይን ሊረጋገጥ የሚችለው ብቸኛ ነገር የውሻው ጠባይ ነው። በሚገባ የሠለጠነ ውሻ ከመቀመጫ ሥር ወይም በባለቤቱ እግሮች መካከል ይተኛል፤ መንገደኛ አያሸትም፤ ምግብ አይለምንም። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ መጮኹ ብቻውን ከቁጥጥር ውጭ ነው አያሰኘውም፤ ጩኸቱ ባለቤቱን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰው ተንኩሶት ሊሆን ይችላል። ማሰሪያ የግድ ነው፤ ነገር ግን ማሰሪያው ሥራውን የሚያውክ ወይም ባለቤቱ በጉዳቱ ምክንያት ሊይዘው የማይችል ከሆነ በድምፅ መቆጣጠር ይበቃል። የሆነው ሆኖ «ይህ ውሻ እውነተኛ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በደጃፍ ላይ መልስ ባይኖረውም፣ «ይህ ውሻ አሁን በቁጥጥር ሥር ነው ወይ?» የሚለው ግን መልስ አለው። ሕጉም ለአሽከርካሪው ሥልጣን የሰጠው በሁለተኛው ላይ ነው።

በመሪው ላይ የተቀመጠው ሰው

ስለ አጋዥ ውሾች በሚጻፉ ጥናቶች አሽከርካሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እንደ እንቅፋት ብቻ ነው። የእርሱም ሁኔታ ሊመረመር ይገባል፤ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲና በስልክ በሚጠራ የመኪና አገልግሎት ከተሰማሩት መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን በመሆናቸው። ለአገልግሎቱ ደንብ ያወጣው ሕግ አውጪ ውሻን የሚያውቀው በሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው። አሽከርካሪው ያደገበት ቤት ውሻ ግን በግቢ በር ላይ ታስሮ የሚያድር፣ እንግዳን እንዲያስፈራ የተቀመጠ ነው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ሲባረር እያየ ያደገ አለ፤ የውሻ ምራቅ የነካውን ደጋግሞ ማጠብን ሃይማኖቱ የሚያዝዘውም አለ። እነዚህ ስሜቶች እውነተኞች ናቸው፤ በአሜሪካ ሕግ ፊት ግን ተሳፋሪን ለመመለስ ምክንያት አይሆኑም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ለታክሲ አሽከርካሪዎች አንድ ጠባብ በር ይከፍታል፤ በሕክምና ምክንያት ከባለሥልጣን የነጻነት ማረጋገጫ ያወጣ አሽከርካሪ ውሻ የመጫን ግዴታ የለበትም። ያለ እርሱ አጋዥ ውሻን የከለከለ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል።

የቅጣቱ ክብደት በአሜሪካ ከዚህ ይብሳል። ኡበር ከዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በደረሰበት ስምምነት መሠረት፣ አጋዥ ውሻ ያለውን ሰው እያወቀ አንድ ጊዜ የከለከለ አሽከርካሪ ከሥራው ይሰናበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አንድ የግልግል ዳኛ፣ መሪ ውሻ ይዛ 14 ጊዜ ለተከለከለችና ለተንገላታች ማየት ለተሳናት ሴት ኩባንያው የጠበቃን ወጪ ጨምሮ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ኩባንያው አሽከርካሪዎቹ ተቀጣሪዎቼ አይደሉም ሲል ያቀረበው መከራከሪያ ተቀባይነት አላገኘም። እንግዲህ ተጠራጥሮ የተሳሳተ አሽከርካሪ የሚያጣው እንጀራውን ነው፤ አምኖ የተሳሳተ የሚያጣው የኋላ ወንበሩን ንጽሕና ነው። ለውሻው ጸጉር ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ባይችልም፣ ከሌሎች ተሳፋሪዎች የሚቀበለውን ዓይነት የጉዳት ካሣ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

በአማርኛ ተናጋሪው አሽከርካሪ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ችግር ከቋንቋ ይመነጫል። በኢትዮጵያ አነጋገር የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው ሲያጋጥም «ምን ሆነው ነው?» ብሎ መጠየቅ የመተሳሰብ ምልክት ነው፤ አለመጠየቅ እንደ ንቀት የሚታይበት ጊዜም አለ። «ከመቼ ጀምሮ?» «ሕክምናስ አላገኙም?» የሚሉት ይከተላሉ። ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በታክሲው መስኮት ሲወጣ ሕጉ በግልጽ የከለከለው ጥያቄ ይሆናል፤ የጉዳቱን ዓይነት መጠየቅ ነውና። ተሳፋሪው የሚሰማው ርኅራኄን ሳይሆን ምርመራን ነው። የተፈቀዱት ጥያቄዎች ግን ስለ ውሻው የሚነገሩ ናቸው፤ «ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው?» እና «ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል?»። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይበቃል፤ «ስኳሬ ሲወርድ ያስጠነቅቀኛል» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ አይጠየቅም። ውሻው በእጀታ ማሰሪያ ማየት የተሳነውን ሰው እየመራ ወደ መኪናው ሲደርስ ደግሞ ሁለቱም ጥያቄዎች አያስፈልጉም፤ በሩ ይከፈታል፣ ውሻውም ከባለቤቱ እግር ሥር ይገባል።